88.5 የማን ነው? ገንዘብስ ለምን ይጠይቃል?

ጥያቄ፦ «ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ሥራዬ መኪና መንዳት ስለሆነ ቀኑን ሙሉ የዋሽንግተኑን 88.5 ኤፍኤም ሬዲዮ እሰማለሁ። እንግሊዝኛዬን ያስተካከለልኝ እሱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ግን የማይገባኝ ነገር አለ። የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ነው ይባላል። ዩኒቨርሲቲው ከተማሪ ስንትና ስንት ሺህ ዶላር ይሰበስባል፣ መንግሥትም ይደጉመዋል፣ እነሱ ግን በየጊዜው ፕሮግራም እያቋረጡ ከእኛ ገንዘብ ይለምናሉ። አሁን ደግሞ ኮንግረስ ድጎማውን ቆረጠ ተባለ። እንደ አሜሪካ ድምፅ ሊሆን ነው? የሚዘጋ ከሆነ ገንዘብ መስጠቱ ምን ይጠቅማል? ይልቅ እኛ ሐበሾች አዋጥተን በሳምንት አንድ ሰዓት የአማርኛ ፕሮግራም ብንገዛበት አይሻልም?»

መልስ፦ ጥያቄዎ ውስጥ ሦስት የተለያዩ ሬዲዮዎች ተደባልቀዋል። አንዱ የመንግሥት ሬዲዮ ነው፣ አንዱ የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ነው፣ ሦስተኛው ሰዓት የሚያከራይ ሬዲዮ ነው። እነዚህን ካልለየን ገንዘብዎ የት ቢገባ እንደሚሻል ማወቅ አይቻልም።

የአሜሪካ ድምፅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ነው። በ1942 ከተቋቋመ ጀምሮ በጀቱ ከፌዴራል መንግሥት ነው የሚመጣው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። የሚናገረውም ከአሜሪካ ውጭ ላለው አድማጭ ነው። የአማርኛው ክፍል በ1982 የተጀመረው ለአገር ቤት አድማጭ ነበር። ባለቤቱ መንግሥት ስለሆነ መንግሥት ሲፈልግ ያስፋፋዋል፣ ሲፈልግ ያዳክመዋል። በማርች 2025 የሆነውም ይኸው ነው። የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ ወጣ፤ በማግስቱ ከ1,300 በላይ ሠራተኞች ሥራ እንዳይገቡ ተነገራቸው።

88.5 ላይ እንዲህ ማድረግ አይቻልም። እዚያ የሚሠራ አንድም የመንግሥት ሠራተኛ የለም። ማሰራጫውን አጥፉ ብሎ በአንድ ደብዳቤ ማዘዝ የሚችል ሚኒስትርም የለም። የጣቢያው ባለቤት አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ ነው። ስሙ የመንግሥት ይመስላል እንጂ የግል ዩኒቨርሲቲ ነው። የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ሰዎች መሥርተውት በ1893 ቻርተር አገኘ። እኛ ዩኒቨርሲቲ ሲባል መንግሥት ቶሎ ይታየናል፤ አገር ቤት እንደ ጅማና ሐረማያ ያሉ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች የማኅበረሰብ ሬዲዮ ስላላቸው ግምቱ አያስገርምም። እዚህ ግን ነገሩ ሌላ ነው።

ጣቢያው እንዴት እንደተወለደ ማወቅ ይጠቅማል፤ ገንዘብ የሚጠይቅበት ምክንያት ከዚያው ይጀምራልና። በጁላይ 1951 የተማሪዎች መለማመጃ ሆኖ ነው የተከፈተው። አንቴና እንኳን አልነበረውም። ድምፁን በግቢው የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ይለቁታል፤ ሶኬቱ ባለበት ሕንፃ ውስጥ ሬዲዮ የከፈተ ተማሪ ይሰማዋል። ከግቢው አጥር ከወጡ አበቃ። በኦክቶበር 1961 ደግሞ የኤፍኤም ፈቃድ አግኝቶ በ88.5 ላይ ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ ከተማው ሁሉ ሰማው። ዛሬ በ50,000 ዋት ከዋሽንግተን አልፎ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ይደርሳል። እርስዎም ከሲልቨር ስፕሪንግ ወጥተው ድልድዩን ተሻግረው ፌርፋክስ እስኪገቡ ድረስ ጣቢያ መቀየር የማያስፈልግዎት ለዚህ ነው።

ያ ሞገድ ግን በነፃ የተገኘ እንዳይመስልዎት። የተገኘው በብዙ ሽንፈት ነው። የአሜሪካ ሬዲዮ ሲጀመር ዩኒቨርሲቲዎች ከፊት ነበሩ። በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሰዎች 9ኤክስኤም የተባለ የሙከራ ጣቢያ አቋቁመው በጃንዋሪ 1921 የአየር ጠባይ ትንበያን በሰው ድምፅ በመደበኛነት ለገበሬው ማንበብ ጀመሩ። በረዶ ሊጥል መሆኑን ቀድሞ የሰማ ገበሬ ከብቱንና ሰብሉን ያተርፋል። ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎችም ተከተሉ። እስከ 1936 ባለው ጊዜ ለትምህርት ተቋማት የተሰጠው ፈቃድ 202 ደርሶ ነበር። ከዚያ ውስጥ በ1936 በእጃቸው የቀረው 38 ብቻ ነው። ቀሪው ወይ ተመልሷል፣ ወይ ጊዜው አልፎበታል፣ ወይ ለነጋዴ ተላልፏል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ማስታወቂያ የሚሸጡት ጣቢያዎች ገንዘብ ነበራቸው፣ ጠበቃ ነበራቸው፣ ጥሩውን ሞገድና የምሽቱን ሰዓት ለመውሰድ ዩኒቨርሲቲዎቹን በየጊዜው በክርክር ያደክሟቸው ነበር። የኢኮኖሚ ድቀቱ ሲመጣ ደግሞ ብዙ የኮሌጅ ፕሬዚዳንቶች ሬዲዮውን እንደ ትርፍ ወጪ አዩት። በ1934 የኮሙኒኬሽን ሕጉ ሲወጣ ከሞገዱ ሩብ ያህሉ ትርፍ ለማይሠሩ ተቋማት ይሰጥ የሚል ማሻሻያ ቀርቦ ሴኔቱ ጣለው። ዕድሉ የተመለሰው ኤፍኤም ሲመጣ ነው። በ1945 የፌዴራሉ ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን (ኤፍሲሲ) ከ88 እስከ 92 ሜጋኸርትዝ ያለውን ቦታ ንግድ ለማይሠሩ የትምህርት ጣቢያዎች ለይቶ አስቀመጠ። አሁን መኪናዎ ውስጥ ሬዲዮውን ወደ ግራ ጥግ ያዙሩት። 88.5፣ 89.3፣ 90.1፣ 90.9 ተራ በተራ ይመጣሉ። አንዱም ላይ የመኪና ኢንሹራንስ ማስታወቂያ አይጮህም። በአጋጣሚ የሆነ አይደለም። ያቺ ጥግ የተከለለች ናት።

ሬዲዮዎ ላይ 96.3ም አለ፤ እሱም የዩኒቨርሲቲ ነው። በ1971 የዋሽንግተን ፖስት ኩባንያ ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሰጠው ጣቢያ ነው። ከተከለለው ቦታ ውጭ ስለሆነ ግን ማስታወቂያ ይሸጣል፣ ያተርፋል። ስለዚህ «የዩኒቨርሲቲ ነው» የሚለው ብቻውን ብዙ አይነግርዎትም። የሚወስነው ፈቃዱ የተሰጠበት ዓይነት ነው።

አሁን ወደ ድጎማው። በ1967 ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን የሕዝብ ስርጭት ሕግን ፈረሙ። ኮንግረስ የሚመድበውን ገንዘብ ተቀብሎ ለጣቢያዎች የሚያከፋፍል ሲፒቢ የተባለ ኮርፖሬሽን ተቋቋመ። ገንዘቡ በቀጥታ ከመንግሥት እጅ ወደ ጣቢያ እንዳይገባ ሆን ተብሎ በመሀል የተቀመጠ ነበር። ኤንፒአር የተባለው አገር አቀፍ የሕዝብ ሬዲዮ ድርጅት ደግሞ በ1971 ማሰራጨት ጀመረ፤ 88.5 ከመጀመሪያዎቹ አባል ጣቢያዎች አንዱ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። ኤንፒአር የ88.5 አለቃ አይደለም፤ ገንዘብም አይሰጠውም። እንዲያውም ገንዘቡ የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ጠዋትና ማታ የሚሰሙትን የኤንፒአር ዜና 88.5 ይገዛዋል፤ ሂሳቡም ትንሽ አይደለም።

በጁላይ 2025 ኮንግረስ ለሁለት ዓመት መድቦት የነበረውን 1.1 ቢሊዮን ዶላር መልሶ ወሰደ። በኦገስት ሲፒቢ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ። ይህ ከባድ ነገር ነው፤ አቅልዬ አላየውም። ግን የሚመታው ሁሉንም እኩል አይደለም። በአላስካና በገጠር ስቴቶች ከዓመት በጀታቸው ከግማሽ በላዩን ከሲፒቢ ያገኙ የነበሩ ጣቢያዎች አሉ። አካባቢው ሕዝብ የለውም፣ ስፖንሰር የሚሆን ድርጅትም የለም። የጎርፍና የእሳት ማስጠንቀቂያ የሚሰሙት ግን ከእነሱ ነው። እንደ 88.5 ያሉ የትልቅ ከተማ ጣቢያዎች ድርሻው ትንሽ ነበር። አብዛኛው ገቢያቸው ከአድማጭና ከስፖንሰር ነው። ሆኖም ሲፒቢ ከሚሰጠው ጥሬ ገንዘብ ሌላ ለሁሉም ጣቢያዎች በጋራ የሚከፍለው ነገር ነበር፤ የሙዚቃ መብት ክፍያን የመሰለ። ያም አሁን ወደየጣቢያው ይመለሳል። ስለዚህ «ኮንግረስ ስለቆረጠ ነገ ይዘጋል» ማለት ስህተት ነው። «ምንም አይነካውም» ማለትም ስህተት ነው።

ታዲያ 88.5ን ሊዘጋው የሚችለው ማን ነው? ሰው ብዙ የማያነሳው፣ እኔን ግን ከኮንግረስ ይልቅ የሚያሳስበኝ ጥያቄ ይህ ነው። መልሱ ፈቃዱን የያዘው ዩኒቨርሲቲ ነው። ርቀን ሳንሄድ የ90.1ን ታሪክ እንይ።

90.1 የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ ጣቢያ ነበር። በ1970ዎቹ ጦርነትን የሚቃወሙ፣ ሌላው ጣቢያ የማይነካውን ነገር የሚያነሱ ወጣቶች ይዘውት ነበር። አድማጩ ይወደው ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን የካቶሊክ ተቋም ነው፤ በስሙ የሚተላለፈው ነገር አላስደሰተውም። በጃንዋሪ 1979 ጣቢያውን በአንድ ዶላር ለዲስትሪክት ኦፍ ኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ አስረከበው። አዎ፣ በአንድ ዶላር። አድማጮች ሰልፍ ወጡ፣ ጮኹ። አልተሰሙም። አዲሱ ባለቤት በ1982 የጃዝ ጣቢያ አድርጎ ከፈተው፤ በተለይ ጥቁር አሜሪካዊው የከተማው ነዋሪ የራሱ አደረገው። ከዚያ በ1990ዎቹ ከተማው ገንዘብ አጥሮት ተንገዳገደ፣ ዩኒቨርሲቲውም አብሮ። በ1997 ጣቢያውን ለሽያጭ አወጡት። መጀመሪያ የሃይማኖት ፕሮግራም የሚያሰራጭ ኩባንያ ሊገዛው ነበር። ተቃውሞ ተነሣ። በመጨረሻ ሲ-ስፓን 13 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ወሰደው። ዛሬ 90.1 ላይ የኮንግረስ ክርክር ነው የሚሰሙት። ጃዙ የለም።

በአንድ ሞገድ ላይ ሁለት ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለት ጊዜ አድማጩን ሳያስፈቅድ ወሰነ። ይህ በዋሽንግተን ብቻ የሆነ አይደለም። በሂዩስተን ራይስ ዩኒቨርሲቲ የተማሪዎቹን ሞገድ በ9.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ። በናሽቪልም ቫንደርቢልት በ2011 እንዲሁ አደረገ። ሞገድ ሀብት ነው። የዩኒቨርሲቲ ገንዘብ ያዥ ጉድለት ሲያይ ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ያለ ሬዲዮ መኖር ይቻላል በሚለው ሐሳብ ላይ ነው።

አሜሪካን ዩኒቨርሲቲ 88.5ን ሊሸጥ ነው እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ የሚል ነገር የለም። የምለው ሥልጣኑ የት እንዳለ ነው። በ2003 ጣቢያው ኪሳራ ውስጥ ሲገባና አድማጮች «ገንዘባችንን አንሰጥም» ብለው ሲያምፁ ሥራ አስኪያጇን ያነሡት የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት ናቸው። ውሳኔው የእሳቸው ነበር። ግን ልብ ይበሉ፤ ወደ ውሳኔው የገፋፋቸው የአድማጩ ገንዘብ መቅረት ነው። እርስዎ «ልመና» የሚሉት ነገር ጉልበቱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን «ዩኒቨርሲቲው ለምን አይከፍልም?» ወደሚለው። ዩኒቨርሲቲው የሚረዳው ነገር አለ፤ እንደነዚህ ያሉ ተቋማት ለጣቢያቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጡት የአስተዳደር አገልግሎትና የመሳሰለውን ነው። የጋዜጠኛ ደመወዝ፣ የኤንፒአር ሂሳብና የመብራት ወጪ ግን በጣቢያው በጀት ላይ ይወድቃል። ሙሉ ወጪውን ዩኒቨርሲቲው ይሸፍን ቢባል ደግሞ እኔ በግሌ አልደግፍም። ሙሉውን የሚከፍል ባለቤት ሙሉውን ያዛል። ዩኒቨርሲቲው ራሱ ዜና የሚሆንበት ቀን ይመጣል፤ ያን ቀን ጋዜጠኛው ደመወዙ ከሌላ ቦታ ቢመጣ ይሻላል።

ይህ ነፃነት ያፈራውን እርስዎም ሰምተውታል። ዳያን ሪም ከአረብ ስደተኛ ቤተሰብ የተወለደች ሴት ናት። በ1973 በበጎ ፈቃደኝነት ወደዚህ ጣቢያ መጣች። በ1979 ማይክሮፎን ያዘች፤ እስከ 2016 መጨረሻ አልለቀቀችም። በመሀል ድምፅን የሚያንቀጠቅጥ የነርቭ ሕመም ያዛት። አየር ላይ ቀስ ብላ፣ እየተቆራረጠች መናገሯን ቀጠለች፤ አድማጩም አብሯት ዘገመ። በማስታወቂያ የሚኖር ጣቢያ ያን ድምፅ በአየር ላይ ያቆየዋል ብዬ አላምንም። ጉያና ተወልዶ ያደገው ኮጆ ናምዲም ከ1998 ጀምሮ እስከ 2021 በየቀኑ የከተማውን ጉዳይ ይዞ ሲቀርብ፣ ከውጭ የመጣ ሰው የዋሽንግተንን ሹማምንት እንዴት አድርጎ እንደሚያፋጥጥ አሳይቶናል። ለእኛ ለስደተኞች ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጣቢያው ሁሌ ጥሩ ወስኗል ማለት ግን አይደለም። በ2018 ዲሲስት የተባለውን የከተማ ዜና ድረ ገጽ ገዝቶ በፌብሩዋሪ 2024 ዘጋው፤ 15 ያህል ሠራተኞችም ተሰናበቱ። ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ አውቶቡስ መስመር፣ ስለ ምክር ቤት በዝርዝር የሚጽፉ ጋዜጠኞች ናቸው የወጡት። እንደ እኔ ያ ውሳኔ ከተማውን ጎድቷል። ገንዘብ የሚሰጥ ሰው ይህንንም አውቆ መስጠት አለበት።

አሁን የአማርኛው ሰዓት። እዚህ ላይ ግልጽ ልሁን፤ 88.5 ላይ ሰዓት መግዛት አይቻልም። በዋሽንግተን አካባቢ የአማርኛ ፕሮግራሞች ሲተላለፉ የሰሙት ሰዓት በሚያከራዩ የኤኤም ጣቢያዎች ነው። እነሱ የንግድ ጣቢያ ናቸው። ይከፍላሉ፣ ሰዓትዎን ይወስዳሉ፣ ስፖንሰርዎን ራስዎ ይፈልጋሉ። 88.5 የቆመው በተከለለው ቦታ ላይ ነው። ሕጉ ሰዓትን ለንግድ መሸጥ አይፈቅድለትም። ስፖንሰሩ ሲጠቀስ እንኳን ቃሉ የተለካ ነው። አንድ የአሌክሳንድሪያ ሐበሻ ምግብ ቤት ስፖንሰር ቢሆን «ድጋፍ ያገኘነው ክትፎና የጾም በያይነቱ ከሚያቀርበው እገሌ ምግብ ቤት ነው፤ አድራሻው እዚህ ነው» ማለት ይቻላል። «በከተማው አንደኛ ክትፎ»፣ «20 ዶላር ብቻ»፣ «ዛሬውኑ ይምጡ» ማለት አይቻልም። ማወዳደር፣ ዋጋ መጥራትና ኑ ብሎ መጋበዝ ሦስቱም ክልክል ናቸው። በሌላ በኩል የእኛ ፕሮግራሞች ያለ ገንዘብ ማሰባሰብ አያልፉም። ለቤተ ክርስቲያን ማሠሪያ፣ አስከሬን ወደ አገር ቤት ለመላክ፣ ለታመመ ወገን። እነዚህ የተቀደሱ ጉዳዮች ናቸው። ንግድ በማይሠራ ጣቢያ ግን መደበኛ ፕሮግራም አቋርጦ ለሌላ ድርጅት ገንዘብ መሰብሰብ በጣም የተገደበ ነው።

ሕጉ ቢፈቅድ እንኳን አይሳካም። የብሉግራስን ጉዳይ ይመልከቱ። 88.5 ይህን የተራራማውን አገር ሙዚቃ ከ1967 ጀምሮ ያስተላልፍ ነበር። ታማኝ አድማጭ ነበረው፣ ገንዘብ የሚሰጥ አድማጭ። በ2001 ግን ከሥራ ቀኑ ሰዓት ተነሣና ቦታውን ዜናና ውይይት ወሰደው። ኋላ ወደ ዲጂታሉ ተጨማሪ መስመር ተገፋ፤ በ2017 ደግሞ አፍቃሪዎቹ ያቋቋሙት ፋውንዴሽን ተረከበው። ከሠላሳ ዓመት በላይ የኖረ፣ ደጋፊ ያለው፣ በእንግሊዝኛ የሚቀርብ ፕሮግራም ቦታ ካጣ በሌላ ቋንቋ አዲስ ሰዓት ይሰጣል ብሎ ገንዘብ ማዋጣት የሰውን ገንዘብ ማባከን ነው። ይህን የምለው አማርኛው አይገባውም ብዬ አይደለም። ለዚያ የሚሆነው ቦታ ሌላ ስለሆነ ነው።

ማኅበረሰባችሁ የአማርኛ ሰዓት ከፈለገ በኪራይ ኤኤም ወይም በኢንተርኔት ይሥራ። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። ሰዓት የሚከራይ ሰው የውጭ መንግሥት ወኪል ወይም በእሱ የሚደገፍ መሆን አለመሆኑን ለጣቢያው ማረጋገጥ አለበት። ከሆነ በአየር ላይ በግልጽ ይነገራል። ኤፍሲሲ ይህን ደንብ በ2021 አውጥቶታል። ከኤምባሲም ሆነ ከሌላ መንግሥት አካል «እርዳታ» ከመጣ ዝም ብሎ መቀበል ጣጣ ያመጣል።

88.5ን በተመለከተ የምመክርዎት ይህን ነው፤ ይስጡ፣ ግን ትንሽ በትንሹ በየወሩ ይስጡ። በወር 5 ወይም 10 ዶላር። በዓመት አንዴ ከሚላክ ትልቅ ገንዘብ ይልቅ በየወሩ የሚገባ ትንሽ ገንዘብ ጣቢያውን ይጠቅመዋል። ስንት ጋዜጠኛ መቅጠር እንደሚችል ቀድሞ ያውቃል፣ እርስዎ የሚጠሉት የማሰባሰቢያ ሳምንትም ያጥርለታል። የሚሰጡት በራሱ በጣቢያው ድረ ገጽ ይሁን። በስልክና በጽሑፍ መልእክት በጣቢያው ስም የሚመጣን ሊንክ አይንኩ። ካርድዎ ላይ በየወሩ የሚቆረጥ ስለሆነ የማይችሉበት ወር ሲመጣ ማቋረጥ መብትዎ ነው። ደረሰኙን ይያዙ። ከ2026 ጀምሮ ወጪያቸውን በዝርዝር የማያቀርቡ ግብር ከፋዮችም ለእንዲህ ያለ ተቋም የሰጡትን ጥሬ ገንዘብ፣ ላላገባ እስከ 1,000፣ በጋራ ለሚያሳውቁ ባልና ሚስት እስከ 2,000 ዶላር፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢያቸው ላይ መቀነስ ይችላሉ። ቦርሳ ወይም ሌላ ስጦታ ከተቀበሉ የስጦታው ዋጋ እንደሚቀነስ ይወቁ። «አባል ሆኑ» ሲሉዎትም ድምፅ የመስጠት መብት ያገኙ እንዳይመስልዎ። 88.5 ላይ አባል ማለት ገንዘብ የሚሰጥ ማለት ብቻ ነው። አድማጭ ቦርድ የሚመርጥበት ጣቢያ ከፈለጉ እሱ 89.3 ነው።

ለማኅበረሰቡ ያሰቡትን ጉልበት ደግሞ ወደ ዜና ክፍሉ ያዙሩት። የአማርኛ ሰዓት ሳይሆን ስለእኛ የሚሠራ የእንግሊዝኛ ዜና ይጠይቁ፤ ያን ዜና ሹማምንቱም ይሰሙታል። «ስለ ሐበሾች ሥሩ» የሚል ደብዳቤ ግን የትም አይደርስም። ቁርጥ ያለ ነገር ይላኩ። ለምሳሌ ዲስትሪክቱ በ2004 ያወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ አማርኛም በዚያ ሕግ አገልግሎት ከሚሰጥባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። የከተማው ቢሮ ሄዶ የአማርኛ አስተርጓሚ ያጣ ሰው ካወቁ፣ በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ጉዳይ፣ ለመናገር ፈቃደኛ የሆነው ማን እንደሆነ ጽፈው ለጋዜጠኞቹ ይላኩ። ጋዜጠኛ የሚንቀሳቀሰው በእንዲህ ያለ መረጃ ነው።

የጣቢያው ፈቃድ የሚታደሰው በየስምንት ዓመቱ ነው። የዋሽንግተን፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሬዲዮዎች ፈቃድ ኦክቶበር 1 ቀን 2027 ያበቃል። ጣቢያው የእድሳት ማመልከቻውን በጁን 2027 ያስገባል፤ ከዚያ እስከ ሴፕቴምበር መጀመሪያ ማንኛውም አድማጭ አስተያየቱን በጽሑፍ ለኤፍሲሲ ማቅረብ ይችላል። ከዚያ በፊት የጣቢያውን የሕዝብ ፋይል በኤፍሲሲ ድረ ገጽ ከፍተው ያንብቡት። በየሦስት ወሩ የአካባቢው ትልልቅ ጉዳዮች ናቸው ብሎ የዘረዘራቸውንና የሠራባቸውን ፕሮግራሞች ያገኛሉ። የሲልቨር ስፕሪንግ ሐበሻ ጉዳይ ስንት ጊዜ እንደተነሳ ከዚያ ቆጥረው ይጻፉላቸው።